የምርጥ ምድጃ ፍተሻና ጽዳት፦ ለደብረ ማርቆስና ለአካባቢው ተጠቃሚዎች የቀረበ ማብራሪያ

ምርጥ ምድጃ ከተተከለ ጥቂት ዓመታት በኋላ ከተጠቃሚዎች የሚነሳ አንድ የተለመደ ቅሬታ አለ። ይኸውም ምድጃው በመጀመሪያ ማገዶ ቆጣቢና ጭሱም ያነሰ እንደነበር፣ እያደር ግን ከባለ ሦስት ጉልቻው ምድጃ ብዙም እንዳልተሻለ የሚገልጽ ነው። ቅሬታው አብዛኛውን ጊዜ ትክክል ነው። ይሁን እንጂ ምድጃው አርጅቷል ተብሎ ከመጣሉ በፊት ሊመረመሩ የሚገባቸው ጥቂት ቦታዎች አሉ፤ እነርሱም የአየር መግቢያው፣ የግድግዳው መጋጠሚያዎች፣ የምጣዱ ዙሪያና ከኋላ ያለው የጭስ መውጫ ናቸው። በእነዚህ ቦታዎች የሚከማች አመድና ጥላሸት፣ እንዲሁም የሚፈጠር ስንጥቅ፣ የምድጃውን ጥቅም ቀስ በቀስ ያጠፋዋል።

ምርጥ ምድጃ በ1980ዎቹ ዓመታት በኢትዮጵያ ኢነርጂ ጥናትና ምርምር ማዕከል ለእንጀራ መጋገሪያ ታስቦ የተሠራ ነው። ከ1990ዎቹ መግቢያ ጀምሮም በጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት ድጋፍ በየአካባቢው በሚገኙ አነስተኛ አምራቾች እጅ እየተመረተ ተስፋፍቷል። ከሲሚንቶና ከአሸዋ ወይም ፑሚስ ከሚባለው ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ድብልቅ በቅርጽ ማውጫ የሚሠራ ሲሆን ስድስት ክፍሎች አሉት። አራቱ ተገጣጥመው ምጣዱን የሚሸከመውን ክብ ግድግዳ ይሠራሉ። ሁለቱ ከኋላ ተገጥመው ጭሱ የሚወጣበትና ድስት የሚጣድበት ክፍል ይሆናሉ። እሳቱ በግድግዳ ስለሚታጠር ነፋስ አይበትነውም፤ ሙቀቱም ወደ ምጣዱ ያተኩራል። በጋገራ ሙከራዎች ከባለ ሦስት ጉልቻው ምድጃ ጋር ሲነጻጸር የማገዶ ፍጆታን እስከ ግማሽ እንደሚቀንስ ታይቷል። ይህ ውጤት የተገኘው ግን ክፍሎቹ በሚገባ በተገጠሙና አየር በታሰበው መንገድ ብቻ በሚገባበት ምድጃ ላይ ነው።

ጭስ ማለት በከፊል ሳይነድ ያመለጠ ማገዶ ነው። እንጨት ሲሞቅ በቅድሚያ ተቀጣጣይ ጋዞችን ይለቃል፤ እነዚህ ጋዞች በቂ ሙቀትና በቂ አየር ካገኙ በነበልባል ይነዳሉ፣ ካላገኙ ደግሞ በጭስ መልክ ይወጣሉ። በሰሜን አሜሪካና በሌሎች ቀዝቃዛ አገሮች ለቤት ማሞቂያ ከሚያገለግሉ የእንጨት ምድጃዎች አንዳንዶቹ ለዚሁ ሲባል የማር እንጀራ የመሰለ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው የሴራሚክ ክፍል ይገጠምላቸዋል። ክፍሉ እንደ ፕላቲነምና ፓላዲየም ባሉ ማዕድናት የተለበጠ በመሆኑ ጭሱ በሌላ ጊዜ ከሚፈልገው እጅግ ባነሰ ሙቀት እንዲነድ ያስችላል። የእነዚያ ምድጃዎች ባለቤቶች ክፍሉን በየጊዜው እያዩ አመዱን በለስላሳ ብሩሽ ያራግፋሉ፤ በብረት መፋቅ ልባጩን ስለሚያጠፋው የተከለከለ ነው። ምርጥ ምድጃ እንዲህ ያለ ክፍል የለውም። በምርጥ ምድጃ ጭሱን የሚያነደው የታጠረው ሙቀትና በአፉ በኩል የሚገባው አየር ብቻ ነው። በመሆኑም ፍተሻው ቀላል፣ መሣሪያውም መጥረጊያና ጨርቅ ይሆናል፤ ቸል ቢባል ግን የሚተካለት ነገር የለም።

ጉዳዩ የማገዶ ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ አየር ብክለት ሳቢያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2020 ብቻ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በዓለም ዙሪያ ያለ ዕድሜያቸው እንደሞቱ ይገምታል። ጉዳቱ በይበልጥ የሚያርፈው በእሳት አጠገብ በሚውሉ ሴቶችና አብረዋቸው በሚሆኑ ሕፃናት ላይ ነው። በዚህ ረገድ በምዕራብ ጎጃም ሜጫ አካባቢ የተካሄደ አንድ ሰፊ ጥናት የሚያሳየው እውነት ሊሸሸግ አይገባም። በጥናቱ የተሻሻለ የእንጀራ ምድጃ የተሰጣቸው ቤተሰቦች ሕፃናት ነባሩን ምድጃ ከሚጠቀሙት ይልቅ ከሳንባ ምች መሰል ሕመሞች ጉልህ በሆነ መጠን የተጠበቁ ሆነው አልተገኙም። ምድጃው ጭስን መቀነሱ ብቻውን በቂ አይደለም ማለት ነው። ንጹሕ የጭስ መውጫ፣ የሚከፈት መስኮት፣ የደረቀ ማገዶ፣ እንዲሁም ሕፃኑን ከማድቤት ማራቅ አብረው መሄድ አለባቸው። በጥሩ ይዞታ ላይ ያለ ምድጃ ያልፈታውን ችግር የተደፈነና የተሰነጠቀ ምድጃ አይፈታውም።

እንጀራው የሚሰጠው ምልክት

ምድጃው ፍተሻ እንደሚያስፈልገው ከማንም በፊት የምታውቀው ጋጋሪዋ ናት። ሊጡ በሚገባ ቦክቶና ምጣዱ በደንብ ታስሶ ሳለ የእንጀራው ዓይን በአንድ ወገን ብቻ የሚወጣ፣ በሌላው ወገን ግን የሚደፈን ከሆነ ሙቀቱ በምጣዱ ሥር እኩል አልተዳረሰም ማለት ነው። በአፉ አቅጣጫ ያለው ጠርዝ እያረረ የኋላው ጥሬ የሚሆን ከሆነ የኋላው የጭስ መተላለፊያ መደፈኑን መጠርጠር ይገባል፤ ነበልባሉ መሄጃ ሲያጣ ወደ ፊት ይመለሳልና። በአንድ በኩል ብቻ የማያቋርጥ ጥሬነት ካለ ደግሞ በዚያ በኩል ባለ ስንጥቅ ቀዝቃዛ አየር እየገባ ሊሆን ይችላል።

ሌሎች ምልክቶችም አሉ። ቀድሞ ለአንድ ጋገራ ይበቃ የነበረ ሸክም እንጨት የማይበቃ ሲሆን፣ ጭሱ ከኋላ መውጣቱን ትቶ በማገዶ መክተቻው አፍ ሲመለስ፣ ከኋላ የተጣደው ድስት እንደ ወትሮው ሳይሞቅ ሲቀር፣ ወይም አክንባሎው ሲነሳ በምጣዱ ዙሪያ ጭስ ሲታይ ምድጃው መፈተሽ ይኖርበታል። ከነዚህ ሁሉ ቸል መባል የሌለበት የጋጋሪዋ ዓይን ማልቀስና ሳል ነው። ይህን የማድቤት ሥራ ጠባይ አድርጎ መቀበል የቆየ ልማድ ቢሆንም ልማዱ ትክክል አይደለም።

ስንጥቁ የት እንዳለ ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ምድጃው በቀዘቀዘበት ሰዓት፣ በሩና መስኮቱ ተዘግቶ ማድቤቱ ሲጨልም፣ የበራ የእጅ ባትሪ በማገዶ መክተቻው ገብቶ ምጣዱ ባለበት ይቀመጣል። ብርሃን የሚያመልጥበት ቦታ ሁሉ ጭስም የሚያመልጥበት ነው። ባትሪ ከሌለ በሩ ተከፍቶ ጥቂት እርጥብ ቅጠል በትንሽ እሳት ላይ በማድረግ ጭሱ በየት በየት እንደሚወጣ መመልከት ይቻላል፤ ይህ ሲደረግ ልጆችና አረጋውያን ከማድቤት መውጣት አለባቸው። የአየሩን ስበት ለማወቅ ደግሞ ምድጃው መንደድ ከጀመረ በኋላ ቀጭን የጧፍ ነበልባል በአፉ አጠገብ ይያዛል። ነበልባሉ ወደ ውስጥ ካዘነበለ ስበቱ ደኅና ነው። ቀጥ ብሎ ከቆመ ወይም ወደ ውጭ ከተገፋ የጭሱ መንገድ ተዘግቷል።

ጽዳቱ እንዴት ይከናወናል

የመጀመሪያው ደንብ ምድጃውን ማቀዝቀዝ ነው። ከጋገራ በኋላ ቢያንስ አንድ ሌሊት ማደር አለበት፤ በአመድ የተዳፈነ ፍም ላዩ የቀዘቀዘ መስሎ እስከ ማግሥቱ ሊቆይ ይችላል። ለማቀዝቀዝ ተብሎ ውኃ ማፍሰስ ፈጽሞ አይገባም። የጋለ ሲሚንቶ በድንገት ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል፤ የሸክላው ምጣድም እንዲሁ። ከዚህ በተጨማሪ ከጋለው አመድ ላይ የሚነሳው እንፋሎት ፊትና እጅ ያቃጥላል።

ምጣዱ በሁለት ሰው ተነሥቶ በደልዳላ ስፍራ ከተቀመጠ በኋላ አፍና አፍንጫን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ መጀመር ይመከራል። አመዱ እንዳይቦን ጥቂት ውኃ በእጅ ይረጭበታል፤ የሚረጨው አመዱ ከቀዘቀዘ በኋላ ብቻ ነው፣ ጭቃ እስኪሆን ድረስም አይደለም። ከዚያ በአካፋ ወይም በቆርቆሮ ቁራጭ ይታፈሳል። ከሥር ስስ አመድ ቢቀር ጉዳት የለውም። ነገር ግን አመዱ ከፍ ብሎ በምጣዱና በማገዶው መካከል ያለውን ክፍተት ሲያጠብ አየር የሚያልፍበት ቦታ ይጠፋል፤ እሳቱም ከመንደድ ይልቅ መጨስ ይጀምራል። አመድ መጥረግ እንደ ቀላል ነገር ቢታይም ከሁሉም በላይ ልዩነት የሚያመጣው ይኸው ሥራ ነው።

ምን ያህል ጊዜ መጥረግ እንደሚያስፈልግ በማገዶው ዓይነት ይወሰናል። የደረቀ የባሕር ዛፍ እንጨት የሚያነድ ቤት የሚያገኘው አመድ ጥቂት ነው። ዛፍ በሚያንስባቸው በጮቄ ተራራ ግርጌና ተዳፋት ባሉ ቀበሌዎች ኩበት ዋነኛ ማገዶ በመሆኑ ከኩበት የሚቀረው አመድ ከእንጨት አመድ እጅግ ይበልጣል። ኩበት የሚያነድ ቤት ከእያንዳንዱ ጋገራ በኋላ፣ እንጨት የሚያነድ ደግሞ ቢያንስ በየሁለትና በየሦስት ጋገራው አመዱን ቢያወጣ መልካም ነው። የጠላ ቂጣ በሚጋገርበትና ለበዓል በሚዘጋጅበት ሳምንት ምድጃው ያለ ዕረፍት ስለሚነድ ከዝግጅቱ በፊትና በኋላ ማየት ይገባል።

ከግድግዳው ውስጠኛ ገጽ ላይ ያለው ጥላሸት በደረቅ መጥረጊያ ይራገፋል። በቢላ፣ በመጥረቢያ ጠርዝ ወይም በብረት ዘንግ መፋቅ አይመከርም። በፑሚስ የተሠራው ግድግዳ ቀላልና ባለ ቀዳዳ በመሆኑ በቀላሉ ይሸራረፋል፤ የተሸራረፈው ጠርዝም ምጣዱ የማይገጥምበት ክፍተት ይሆናል። ግድግዳው ፈጽሞ እንዲነጣ መድከም አያስፈልግም፤ ስስ ጥላሸት አየር አይከለክልም። ሊተኮርበት የሚገባው ከኋላ ያለው መተላለፊያ ነው። በጨርቅ የተጠቀለለ ቀጭን የባሕር ዛፍ ዘንግ ከድስት ማስቀመጫው በኩል ገብቶ ወደ ታች እየተሽከረከረ ይጠረጋል፤ የወረደው ጥላሸት ከፊት ይታፈሳል። በዚህ ጊዜ ከድስት የፈሰሰ ወጥና የተሰባበረ ጭቃ ተጋግሮ መተላለፊያውን አጥብቦት ሊገኝ ይችላል።

ደብረ ማርቆስ ከተማ ውስጥ የኤሌክትሪክ ምጣድ ያላቸው ቤተሰቦች ምርጥ ምድጃቸውን መብራት ለሚጠፋበት ቀን ብቻ ያቆያሉ። እንዲህ ያለው ምድጃ ለወራት ሳይነድ ስለሚቆም አይጥ ጎጆ ሊሠራበት፣ ዶሮ ሊያድርበት ወይም የጣሪያ ፍሳሽ ሊገባበት ይችላል። ሊጡ ቦክቶ መብራት በጠፋበት ጠዋት ያለ ፍተሻ እሳት መለኮስ ማድቤቱን በጭስ መሙላት ነው። ከመለኮሱ በፊት መተላለፊያውን በዘንግ መፈተሽና እርጥበት የገባውን ምድጃ በትንሽ እሳት ቀስ ብሎ ማሞቅ ያስፈልጋል።

የጭስ ማውጫ ቱቦ ላላቸው ምድጃዎች

በአንዳንድ ቤቶች ጭሱ በቆርቆሮ ቱቦ ከጣሪያ በላይ እንዲወጣ ተደርጓል። ቱቦው ለጤና ይበጃል፤ ሆኖም ካልተጸዳ ራሱ አደጋ ይሆናል። እርጥብ እንጨት ሲነድ ከጭሱ ጋር የሚወጣው እንፋሎትና ዝፍት መሰል ነገር በቀዝቃዛው ቱቦ ግድግዳ ላይ ይጣበቃል። ይህ ጥቁርና የሚያብለጨልጭ ሽፋን እየወፈረ ሲሄድ ቱቦውን ያጠብባል፤ አንድ ቀን ከፍ ባለ እሳት ሲመታም ራሱ ይቀጣጠላል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ የምትገኝ በመሆኗ አየሩ ይቀዘቅዛል፣ ክረምቱም ረጅምና እርጥብ ነው። ስለዚህ በዚህ አካባቢ ቱቦውን በግንቦት፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ እንዲሁም በመስከረም፣ ክረምቱ ሲወጣ ፈትቶ መጥረግ ተገቢ ነው። በመካከሉ እንጨቱ እርጥብ ከነበረ በየወሩ በዘንግ መፈተሽ ይበጃል።

ሊፈታ የሚችል ቱቦ ወደ ደጅ ተወስዶ በእንጨት ቀስ ብሎ ይመታል፤ ከዚያም በጨርቅ በተጠቀለለ ረጅም ዘንግ ይጠረጋል። ሊፈታ የማይችለውን ጣሪያ ላይ ሳይወጡ ከታች መጥረግ ይሻላል። ዝናብ ባራሰው የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ መውጣት ከጥላሸቱ የከፋ ጉዳት ያመጣል። ቱቦው ሲመለስ ጫፉ ላይ የዝናብ መከላከያ ክዳን መኖሩን፣ መጋጠሚያዎቹ ጭስ እንደማያሾልኩ፣ ዝገት የበላው ቦታ እንደሌለ ማየት ያስፈልጋል። በሣር ክዳን ቤት ቱቦው ሣሩንና እንጨቱን መንካት የለበትም፤ በሰፊው ተከፍቶ በቆርቆሮና በጭቃ መለየት አለበት። ይህን በአግባቡ ማድረግ ካልተቻለ ቱቦውን በጎን ግድግዳ ማውጣት ወይም ማድቤቱን ከመኖሪያ ቤቱ መለየት ይመረጣል። ቱቦውን ከሚገባው በላይ ማስፋትና ማስረዘምም ስህተት ነው፤ ከመጠን ያለፈ ስበት ምጣዱን ሊያሞቅ የሚገባውን ሙቀት ይዞ ይወጣል።

በቱቦው ውስጥ እሳት ከተነሣ እንደ ነፋስ የሚያጓራ ድምፅ ይሰማል፤ ቱቦውም ሊቀላ ይችላል። በዚህ ጊዜ ሰው ሁሉ ከቤት ይውጣ፤ የሚቻል ከሆነ በእሳቱ ላይ ደረቅ አፈር ተደርጎ የማገዶ መክተቻው አፍ በቆርቆሮ ይዘጋ። በጋለ ቱቦ ውስጥ ውኃ መጨመር አይገባም።

አመዱና ፍሙ

የወጣው አመድ የሚቀመጠው በብረት ወይም በሸክላ ዕቃ ሲሆን በፕላስቲክ ዕቃ፣ በማዳበሪያ ከረጢት ወይም በቅርጫት መሆን የለበትም። ጭድ ክምር፣ ሣር ቤትና የማገዶ ክምር አጠገብ መድፋትም የተከለከለ ሊሆን ይገባል። ከውድማ በኋላ ባሉት ደረቅና ነፋሻ ወራት በአመድ ውስጥ የተደበቀ አንድ ፍም የዓመት ጭድ ሊያወድም ይችላል። በሚገባ የቀዘቀዘ የእንጨት አመድ ግን ዋጋ ያለው ነገር ነው። የጎዛምን፣ የስናንና የማቻከል ወረዳዎችን ጨምሮ በአካባቢው ሰፊ መሬት በአፈር አሲዳማነት የተጠቃ ሲሆን አመድ አሲዳማነትን የማለዘብ ባሕርይ አለው። ለጓሮ ጎመንና ለጌሾ በስሱ ቢበተን ይጠቅማል፤ ለድንች መደብ ግን ብዙ አመድ ቅርፊቱን ለሚያሻክር በሽታ ስለሚያመቻች አይመከርም። በአማርኛ አመድ አፋሽ የሚባለው ውለታው የማይመሰገንለት ሰው ነው፤ የጓሮ ባለቤቶች በዚህ አባባል የሚስማሙ አይመስልም።

ከምድጃው የተረፈውን ፍም ለቡና ማፍያ ወይም ለማሞቂያ ወደ መኝታ ክፍል ማስገባት በብርዱ ወራት የተለመደ ነው። ፍም ጭስ ባይታይበትም ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ሽታና ቀለም የሌለው ገዳይ ጋዝ ይለቃል። በተዘጋ ክፍል ፍም ይዞ መተኛት በምንም ምክንያት አይገባም። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ወይም ድካም በአንድ ክፍል ባሉ ሰዎች ላይ በአንድነት ከታየ ሁሉንም ወዲያውኑ ወደ ንጹሕ አየር አውጥቶ በአቅራቢያ ወዳለ ጤና ተቋም መውሰድ ያስፈልጋል። በጽዳትም ሆነ በጋገራ ጊዜ የተቃጠለ የሰውነት ክፍል ለ20 ደቂቃ ያህል በሚወርድ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ ሥር ይያዛል፤ ቅቤ፣ ሊጥ ወይም አመድ አይቀባም።

ጥገናና ክፍል መተካት

በጸጉር ስፋት ያለ ስንጥቅና በመጋጠሚያዎች መካከል የሚታይ ክፍተት በጭቃ ይደፈናል። የሸክላ አፈር ከተነፋ አመድና ከጤፍ ጭድ ጋር ታሽቶ ቢያድር ይይዛል። የምጣዱ ዙሪያም በዚሁ ይለሰናል፤ ምጣዱ በተነሣ ቁጥር ልስኑ ስለሚፈርስ እንደገና መለሰን የሥራው አካል መሆኑ መታወቅ አለበት። ልስኑ ሳይደርቅ ከፍተኛ እሳት ማንደድ መልሶ ይሰነጥቀዋል።

አንድ ክፍል ለሁለት የተሰበረ ወይም አፉ የፈረሰ ከሆነ በጭቃ መጠጋገን ብዙ አያራምድም። ምድጃው በስድስት ክፍሎች የተሠራ በመሆኑ የተሰበረውን ብቻ መተካት ይቻላል፤ ሙሉ ምድጃ መግዛት ግዴታ አይደለም። ይሁን እንጂ የቅርጽ ማውጫዎች ልኬት ሊለያይ ስለሚችል በተቻለ መጠን ከቀድሞው አምራች መግዛት፣ ካልሆነም የምጣዱን ስፋትና የግድግዳውን ቁመትና ውፍረት በገመድ ለክቶ መሄድ ያስፈልጋል። አዲሱ ክፍል ሲገዛ ጠርዙ ያልተሸራረፈ፣ ሲነካ አሸዋ የማይረግፍ መሆኑ ይታያል። ሲሚንቶ ጥንካሬውን የሚያገኘው እየራሰ ሲቆይ ስለሆነ ቢያንስ 7 ቀን ውኃ እየጠጣ መሰንበቱን አምራቹን መጠየቅ የገዢው መብት ነው። ትላንት ተሠርቶ ዛሬ የተሸጠ ክፍል በመጀመሪያው ጋገራ ይሰነጠቃል።

ስለ አምራቾች አድራሻ፣ ስለ ምድጃ አተካከልና ስለ ጥገና መረጃ የሚፈልግ ተገልጋይ በሚኖርበት ወረዳ ወይም ከተማ አስተዳደር ያለውን የውሃና ኢነርጂ ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይችላል። ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሲኬድ ምድጃው መቼ እንደተተከለ፣ ከማን እንደተገዛ፣ የሚነደው ማገዶ ምን እንደሆነና ከላይ ከተዘረዘሩት ምልክቶች የትኛው እንደታየ ማስረዳት ጉዳዩን ያፋጥናል። በስልክ የተነሣ የምድጃው ፎቶግራፍ ካለ፣ በተለይም የተሰነጠቀው ቦታና የኋላው መተላለፊያ የሚታይበት፣ ባለሙያው ቤት ድረስ ከመምጣቱ በፊት ችግሩን ለመለየት ይረዳዋል።